በየእትሙ የምንሞተው ሞት

አዋላጇ ጓደኛችን የፈጠረቻት ሴት በመጀመሪያው ውጊያ፣ በመጀመሪያው ምት ሞተች። የገደላት ቁመቱ ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ ዱላ የያዘ ድንክ ጭራቅ ነው። ጭራቁን የማንቀሳቅሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው አጫዋች ይሆንና ታሪኩን ይነግራል፤ ሽፍታውንም ጭራቁንም ወክሎ ይዋጋል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በሐሳባቸው ይፈጥራሉ፣ ስም ያወጡለታል፣ በእሱ አንደበት ይናገራሉ። ጦር መወርወሩን ተጫዋቹ ይወስናል፤ ማግኘትና መሳቱን ግን ዕጣ ነው የሚወስነው። አሸናፊ የለውም። ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ይበቃዋል።

መጽሐፉን ያገኘሁት በሥራ ቦታዬ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ከውጭ አገር በስጦታ በመጣ ካርቶን ውስጥ፣ ከአሮጌ የኬሚስትሪ መጻሕፍት ሥር ሽፋኑ ተገንጥሎ ተቀምጦ ነበር። ለተማሪ የሚጠቅም ስላልመሰለኝ ለብቻው አኖርኩት። ከዚያ ክረምት ገባ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራትም እንዳሻው የሚመጣና የሚሄድ ሆነ፤ እኔም ከመሰልቸት ብዛት ገጽ በገጽ አነበብኩት። የጨዋታው የመጀመሪያ ዘመን እትም እንደሆነና ከእሱ በኋላ ሌሎች እትሞች እንደወጡ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሦስት ሰው አሰባሰብኩ። አንዷ በጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት፤ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ትኖራለች። ሁለተኛው ከደቡብ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሳምንቱን በጉና ተዳፋት የድንች ዘር ሲያሰራጭ ይከርምና ቅዳሜ ፊቱ በብርድ ጠቁሮ ከተማ ይገባል። ሦስተኛው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው። እሳቸውን የጠራኋቸው በድፍረት ነው። እምቢ ይሉኛል ስል «ዕጣ አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። አለበት አልኳቸው። «እንግዲያው እመጣለሁ» አሉ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ እኔ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ባለሙያው ከጉና ያመጣውን ድንች እንቀቅላለን፣ በሚጥሚጣ እያጠቀስን እንጫወታለን። መጽሐፉ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ፣ በየፊቱ ቁጥር ያለበት የዕጣ ጠጠር፣ ያስፈልጋል ይላል። እሱ ከየት ይመጣል? ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው ወረቀቶች አጣጥፈን በቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ጨመርን። ለጉዳት ደግሞ ከአንድ እስከ ስድስት የተጻፈባቸው ሌሎች ስድስት ወረቀቶች ለብቻ አዘጋጀን።

አስማት የሚያውቀውን ሰው «ጠንቋይ» ብዬ ስተረጉመው አዋላጇ ከጠንቋይ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አለች። «ጠቢብ» አልነው፤ ከዚያ ራሷ ወሰደችው። ስለዚያች ጠቢብ ሴት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ መጣች፤ ከየት እንደመጣች፣ ለምን መጽሐፍ ይዛ እንደምትዞር፣ የምትፈልገው ወንድሟ መቼ እንደጠፋ። ባለሙያው ጋሻና ጎራዴ ያለው ጦረኛ ሆነ። መምህር ሌባ መረጡ። ሁላችንም አየናቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ኩረጃ ስይዝ ኖርኩ» አሉ። «እስቲ ደግሞ ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል ልየው።»

በዋሻው በር ላይ ጭራቁ ዘሎ ወጣ። ከጣሳው ለጭራቁ አወጣሁ፤ አሥራ ስምንት። መትቷል። ምን ያህል ጎዳ ብዬ ከስድስቱ ወረቀቶች አወጣሁ፤ ሦስት። የአዋላጇ ሴት የነበራት የነፍስ ነጥብ ሁለት ብቻ ነው። መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩ፤ ደግሜ አነበብኩ።

«ሞተች» አልኩ።

«ምን ማለት ነው ሞተች?»

«ዜሮ ከደረሰ ሞተ ነው የሚለው።»

«ሳትናገር? አንድ ቃል እንኳ ሳትናገር?»

ሁለቱን ገጾች አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሥታ ወጣች። ዣንጥላዋ በሩ ሥር ቀረ፤ ግቢውን በዝናብ ስታቋርጥ በመስኮት አየኋት። እኔ ጨዋታ ብዬ የጠራኋቸው ሰዎች ላይ ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም፤ እጄ ላይ የነበረችውን የሦስት ቁጥር ወረቀት ለረጅም ጊዜ አላስቀመጥኳትም።

በሚቀጥለው እሁድ መጣች። አዲስ ሰው ፈጥራ ነበር፤ ቁስል የምታድን ፈዋሽ። ስለእሷ የጻፈችው ግን ሦስት መስመር ነው። «ብዙ መጻፍ ምን ያደርጋል» አለች። ከሞቱ ይልቅ ይህ አባባሏ አመመኝ።

በዚያው ቀን መዋሸት ጀመርኩ። ጦረኛው ድልድይ ላይ ቆስሎ ተንበርክኮ ሳለ ለጭራቁ ከጣሳው አሥራ ዘጠኝ ወጣ። ወረቀቷን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። «አራት» አልኩና አጥፌ መለስኳት። ባለሙያው ከወንበሩ ተነሣ፤ አዋላጇ ሳቀች፤ ድልድዩን ተሻገሩ። ከዚያ ወዲያ አንዳቸው ሊሞቱ በደረሱ ቁጥር ጭራቆቼ ሁሉ መሳት ጀመሩ። ወራት አለፉ። አዋላጇ እንደገና መጻፍ ጀመረች፤ ፈዋሽዋ እናትና አባት፣ አገርና ጠላት ያላት ሴት ሆነች። እኔም ደግ ሥራ እየሠራሁ መሰለኝ።

አንድ እሁድ ስንበተን መምህር «ና፣ እስከ ቤት ሸኘኝ» አሉኝ። ከገበያው በታች ባለው ቁልቁለት ጭቃውን እየመረጥን ስንወርድ ቆሙና ከካፖርታቸው ኪስ ደብተር አወጡ።

«ጭራቅህ ሃያ ካወጣ አሥራ አንድ እሁድ ሆነው» አሉ።

«እንዴት ማለት፣ መምህር?»

«ሃያ ወረቀት አለ። በአንድ እሁድ ጭራቅህ ብዙ ጊዜ ያወጣል፤ እዚህ ሁሉንም ጽፌአቸዋለሁ። ሃያዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣችም። ደግሞ አንዳችን በደከምን ጊዜ የሚመጣው ቁጥር ሁልጊዜ ከስምንት በታች ነው። ወረቀት አያዝንም። የሚያዝን ሰው ነው።»

ጆሮዬ ጋለ። በአጠገባችን በቅሎ የሚነዳ ሰው አልፎ «እንደምን ዋላችሁ» ሲለን መልሼለት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

«አርባ ዘጠኝ ተኩልህን አስታውሰህ ነው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። አሥረኛ ክፍል የጣሉኝ በግማሽ ነጥብ ነበር፤ ዓመቱን ደግሜአለሁ። በእሳቸው እጅ ያለፈውን ያን ሁሉ ተማሪ ሳስበው የእኔን ግማሽ ነጥብ ያስታውሳሉ ብዬ አልሜም አላውቅ።

«አይደለም» አልኩ። «አዋላጇ ያኔ ተነሥታ ስትሄድ አዝኜ ነው።»

«እኔም ያኔ አዝኜ ነበር። ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። ግን አልጨመርኩልህም። ብጨምርልህ ኖሮ ሃምሳው የማን ይሆን ነበር? ያንተ ነው ወይስ የእኔ?» ደብተሩን ወደ ኪሳቸው መለሱት። «እኔ አልነግራቸውም። አንተ ንገራቸው።»

ሳምንቱን እንዴት እንደገፋሁት አላውቅም። እሁድ ድንቹ ሳይበስል ተናገርኩ። አዋላጇ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ድልድዩስ?» አለች።

«ድልድዩም።»

«ልጆቹን ከወንበዴዎቹ ያስጣልናቸው ቀንስ?»

«እሱም።»

ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እኔ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ‹ደህና ነሽ› ብዬ ዋሽቼ አላውቅም» አለች። «ደህና ካልሆነች አምቡላንስ ነው የምጠራው። አንተ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ደህና ናችሁ ስትለን ነበር።»

የግብርና ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም የምናገረው አለኝ» አለ። «የሃያዋን ወረቀት ጫፍ አጥፌባታለሁ። ጣሳው ውስጥ እጄን ስሰድ በጣቴ አውቃታለሁ።»

መምህር አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ደብተራቸውን አወጡና መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን አገላበጡ። «ለዚህ ነው የአንተ ሃያ የበዛው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ዕድለኛ ነህ ብዬ ነበር። ከጎንህ ጽፌዋለሁ፤ ተመልከት፣ ‹ዕድለኛ› ብዬ።» እንደዚያ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም። አርባ ዓመት ኩረጃ የያዘ ሰው አጠገቡ የተቀመጠው አምልጦታል። አዋላጇ መጀመሪያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፣ ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መሰለኝ፤ እየሳቀች ነበር። ጣሳውን ያን ቀን ከነወረቀቱ ጣልነው።

ባለሙያው ሐፍረቱን የካሰው አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄደ ጊዜ ነው። እውነተኛ ዳይስ ይዞ መጣ፤ የመንደሪን ፍሬ የምታክል፣ አረንጓዴ፣ ሃያ ፊት ያላት። በፍላሽ ደግሞ ሁለት ኋላ የወጡ እትሞች አምጥቶ ነበር። ከእንግዲህ ማንም ሲጥል በጠረጴዛው መሐል፣ ሁሉም እያየ እንዲሆን ተስማማን።

መጀመሪያ መሐለኛውን እትም ሞከርን። ሰው በቀላሉ አይሞትበትም፤ ግን አይዋጋበትምም። ለእያንዳንዱ እርምጃ ሕግ አለው፤ ለመዝለል ሠንጠረዥ፣ ለመታገል ሠንጠረዥ። ከአራት ወንበዴዎች ጋር የጀመርነው ጠብ ከምሳ በኋላ ተነሥቶ ለሠርክ ጸሎት ሲደወል ገና ሁለቱ ቆመው ነበር። ባለሙያው ተራውን ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው። መምህር ሠንጠረዦቹን ወደዷቸው፤ እኛ ሌሎቻችን ግን ተውነው።

አዲሱን እትም ስንጀምር አዋላጇ አንድ ነገር ጠየቀች። «ያቺ የመጀመሪያዋ ሴቴ በዚህ ሕግ ትግባና ያ ድንክ ጭራቅ ይምታት» አለች። ያጠፈቻቸውን ሁለት ገጾች አምጥታለች። በአዲሱ እትም ጀማሪ ጠቢብ የሚያገኘውን ስንሠራ የነፍስ ነጥቧ ስምንት ሆነ። ጭራቁ መትቷል እንበል አልን፤ ጉዳቱንም ያንኑ ሦስቱን ሰጠነው። አምስት ቀራት። ቆማለች።

አዋላጇ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«ያኔ በዚህ ተጫውተን ቢሆን ኖሮ አትሞትም ነበር?»

«አትሞትም ነበር።»

«ያው ጭራቅ፣ ያው ዱላ?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያው የገደላት ጭራቁ አይደለም» አለች። «መጽሐፉ ነው።» አንድ ካርቶን ውስጥ የትኛው እትም እንደሚገኝ የሚወስን ማን ነው?

አዲሱ እትም መሐሪ ነው። ነፍስህ ዜሮ ሲደርስ አትሞትም፣ ትወድቃለህ። ተራህ ሲመጣ ያቺን ሃያ ፊት ራስህ ትጥላለህ። አሥርና ከዚያ በላይ ሦስት ጊዜ ካወጣህ ተርፈሃል፤ ከአሥር በታች ሦስት ጊዜ ካወጣህ አልቆልሃል። በመካከል ጓደኛህ ደርሶ ቢፈውስህ ትነሣለህ። አንዲት ክፉ ነገር ብቻ አለች፤ አንድ ቁጥር ከወጣች እንደ ሁለት ውድቀት ትቆጠራለች። እሷን ሳነብላቸው ማንም ልብ ያላት አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲያ ውጊያ አልፈራንም። እኔ ሳልዋሽ፣ ዳይሱ በአደባባይ እየተጣለ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። ባለሙያው ሆነ ብሎ እየዘለለ ገደል ውስጥ ይገባ ጀመር። በአሮጌው እትም በር ከመክፈታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት የሚመክሩ ሰዎች አሁን በሩን በእርግጫ የሚመቱ ሆኑ።

እንዲህ እያለን ነው ከጅቦቹ ጋር የተገናኘነው። ፈረስ የሚያካክሉ ሦስት ጅቦች ናቸው፤ ቦታው ጉናን የመሰለ፣ ጉም ያለበት ተራራ። ጦረኛው አንዱን አሳድዶ ርቋል። የመምህር ሌባ ተነከሰና ወደቀ። ተራቸው ሲደርስ ዳይሱን አንሥተው ጣሉ፤ ሰባት። አንድ ውድቀት። ቀጥሎ የአዋላጇ ተራ ነበር። ፈዋሽዋ ከሌባው ሦስት እርምጃ ላይ ነች። ከፊቷ የቆሰለ ጅብ አለ።

«ሄጄ ላንሣው?» አለች፤ ከዚያ ራሷ መለሰች። «ገና ሁለት አለው። ይሄን ልጨርሰውና እመጣለሁ።»

መምህርም «ጨርሺው፣ ጨርሺው» አሉ።

ጅቡን ጨረሰችው። ባለሙያው አጨበጨበ። መምህር ተራቸው ሲደርስ ድንች በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ጣሉ። ዳይሷ ተንከባለለች፣ የሚጥሚጣውን ሣህን ነካች፣ ቆመች። አንድ።

ማንም ሊያነባት አልፈለገም። እንደ ሁለት ነው የምትቆጠረው፤ ከቀድሞው ጋር ሦስት። ሁሉም ወደ እኔ ቀና አሉ። ከጣሳው ዘመን ቢሆን አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ቁጥሯ በአራታችንም ፊት ተቀምጣለች።

«ሞተ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አዋላጇ እጇን ከጠረጴዛው አነሣች። «ሦስት እርምጃ ነበርኩ» አለች። «መምህር፣ ሦስት እርምጃ ነበርኩ። ሥራ ላይ ብሆን የሚደማ ሰው ትቼ ሌላ ነገር አልነካም። እዚህ አይሞትም ብዬ ነው።»

«እኔም እኮ ጨርሺው ብዬሻለሁ» አሏት። «አይዞሽ። ሁላችንም ነን የረሳነው።» የያዙትን ድንች ወደ ሣህኑ መለሱ። ካፖርታቸውን ለበሱ። ልሸኛቸው ብነሣ በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝና ብቻቸውን ሄዱ።

ሐሙስ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንዲት እናት ቆመው አየሁ፤ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የመምህር ባለቤት ናቸው።

«ልጄ፣ ለቅሶው የት ነው?» አሉኝ።

«የምን ለቅሶ፣ እትዬ?»

«ከእሁድ ጀምሮ ሰውዬው እህል በአግባቡ አይቀምሱም። ማን ሞተ ብዬ ብጠይቃቸው ‹አንድ የማውቀው ሌባ› አሉኝ፤ ከዚያ ሌላ አይናገሩም። ሌባም ቢሆን ነፍስ ነው። አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወንበር አቀረብኩላቸው። እንዴት እንደማስረዳቸው አላወቅሁም፤ መጽሐፉን፣ ዳይሱን፣ ጅቦቹን እያልኩ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«በወረቀት ላይ ያለ ሰው ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በሕይወት ኖሮ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ ያዙት፤ ያስተካክሉት እንደሆነ ወይስ እንደዚያው ይተዉት እንደሆነ የቸገራቸው ይመስላሉ። «እናታቸው የሞቱ ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በሦስተኛው ቀን ፈተና ሊያርሙ ሄደዋል። እንባ አላየሁም። እሁድ ማታ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው…» አልጨረሱትም። እኔ መምህሩ ይናደዳሉ ብዬ ስፈራ ነበር የሰነበትኩት፤ ያልቅሳሉ ብዬ ግን በጭራሽ አላሰብኩም።

በሚቀጥለው እሁድ አይመጡም ብዬ ስጠብቅ በሩ ተንኳኳ። መምህር አዲስ ሰው ጽፈው ይዘዋል፤ እርሻውን ትቶ የወጣ ገበሬ። ባለቤታቸው ከኋላቸው ነበሩ። «እኔ አልጫወትም» አሉ። «ምን እንደሆነ ልየው ብቻ።» ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጊያ ተነሣ። ባለሙያው እንደልማዱ መሐል ገብቶ ወደቀ። ዳይሷን ጣለ፤ አምስት። አንድ ውድቀት። አዋላጇ ወረቀቷን እያየች ከፊቷ ያለውን ጠላት ነፍስ ትቆጥራለች። ያን ጊዜ የመምህር ባለቤት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ?» አሏት። «ሰው ወድቆ የለ? አንሺው እንጂ።»

አዋላጇ ደንግጣ ቀና አለች። «ሮጬ ሄጃለሁ» አለችኝ። «ጻፍልኝ፤ ሮጬ ሄጄ እጁን ይዣለሁ።»

ጻፍኩላት።